ሐሰተኛ መረጃ፦ የቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም

ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው አሠራጩ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሌሎችን ለማሳሳት ወይም ለመጉዳት የሚያስተላልፈው ወሬ፣ ጽሑፍ ወይም ምስል ነው። በእንግሊዝኛ «ዲስኢንፎርሜሽን» ይባላል፤ ይህም ከሩሲያኛው «ዴዝኢንፎርማትሲያ» እንደመጣ መዛግብተ ቃላት ያመለክታሉ። ባለማወቅ የሚተላለፈው ግን «የተሳሳተ መረጃ» ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ሁለቱ እየተቀላቀሉ መጥተዋል።

ለምሳሌ አንድ አሽከርካሪ ኢምፔሪያል አካባቢ መንገድ ተዘግቷል ሲባል ሰምቶ፣ እውነት መስሎት ለባልደረቦቹ ቢነግር ተሳሳተ እንጂ አልዋሸም። ከዓመታት በፊት የተነሣን የሁከት ፎቶግራፍ የዛሬ አስመስሎ የሚያሠራጨው ግን የሚያደርገውን ያውቃል።

«መረጃ» ከ«ተረዳ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው፤ በመሆኑም «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለው ሐረግ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። የሐሰቱ ጉልበትም ምናልባት ከዚሁ የሚመነጭ ነው። አሉባልታ ሲባል የሚጠራጠር ሰው «መረጃ ደርሶናል» ሲባል ያምናልና።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሕይወታቸውን ባጡበት ወቅት፣ በሌላ በረራ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ የሟቾቹ የመጨረሻ ደቂቃዎች ነው ተብሎ ተሠራጭቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም በምዕራብ ጎጃም ዞን አዲስ ዓለም ከተማ፣ ለጤና ጥናት የሄዱ 2 ተመራማሪዎች ሕፃናትን ሊመርዙ መጥተዋል በሚል ወሬ በሕዝብ ተደብድበው ተገድለዋል። እንዲህ ባለው አጋጣሚ ወሬውን የፈጠረውንና አምኖ የተቀበለውን መለየት እጅግ አዳጋች ነው።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም በ23 ተቃውሞና በ2 ድምፀ ተዓቅቦ ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለቃሉ ሕጋዊ ትርጉም ሰጥቶታል። በአዋጁ መሠረት ሐሰተኛ መረጃ የሚባለው ይዘቱ ሐሰት የሆነ፣ አሠራጩም ሐሰትነቱን ያወቀ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነ ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ሲሆን፣ ከ5 ሺህ በላይ ተከታዮች ባሉት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተሠራጨ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል።

«ማወቅ ይገባው የነበረ» የሚለው አገላለጽ ቃሉን ከተለመደው ፍቺ ያሰፋዋል። በቅንነት የተናገረ ሰውም ወሬው ሁከት የሚቀሰቅስ ከሆነ ሊጠየቅበት ይችላል። ሆኖም አዋጁ የመረጃውን እውነትነት ለማረጋገጥ ሁኔታው የሚፈቅደውን ጥረት ያደረገን፣ እንዲሁም ከዜና ይልቅ ወደ ፖለቲካዊ አስተያየትና ትችት የሚያመዝን ንግግርን ከተጠያቂነት ነፃ ያደርጋል።