«ዋግ መታው» ከሚለው እስከ «ተቋቋሚ ዘር»
የእህል በሽታ ቃላት ታሪክ

በገበሬው አነጋገር ስንዴ በዋግ አይታመምም፤ ዋግ ይመታዋል። በረዶ መታው፣ ውርጭ መታው፣ ብርድ መታው እንደሚባለው ሁሉ «እህላችንን ዋግ መታው» ይባላል። ከዚህም እንደምንረዳው ነባሩ አማርኛ ዋግን የመደበው ከሕማም ጎራ ሳይሆን ከሰማይ ከሚወርዱት መቅሠፍቶች ጋር ነው። ሳይንስ በበኩሉ ዋግ ሕይወት ያለው ጥገኛ መሆኑን፣ እህሉም በዘሩ በወረሰው ኃይል ሊከላከለው እንደሚችል አረጋግጧል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህ ዕውቀት እንዴት እንደ ተገኘ፣ አገራችን በታሪኩ ውስጥ ምን ድርሻ እንዳላት፣ በመጨረሻም ዕውቀቱን ወደ አማርኛ ስናመጣ የትኞቹን ቃላት በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባን ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ዋግና አረማሞ

የአማርኛ ተናጋሪ ሁለት የእህል መቅሠፍቶችን በስም ለይቶ ያውቃል። ዋግ በቅጠሉና በአገዳው ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ብናኝ ሆኖ የሚታየው ነው፤ አረማሞ ደግሞ ፍሬውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱ ቃላት በኦሪት ዘዳግምና በትንቢተ አሞጽ ከድርቅና ከአንበጣ ጋር በመቅሠፍትነት ተጎዳኝተው ይገኛሉ። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊዘነጋው የማይገባው ሌላም ነገር አለ። የቀድሞው የዋግ ሹም ማዕርግ የሚጠራበት «ዋግ» የአገር ስም ስለሆነ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ረድፍ መግባት ይኖርባቸዋል።

በዚህ ረገድ አማርኛ ከላቲን ይልቅ ጠንቃቃ ነው። ላቲኑ የብረትን ዝገትና የእህልን ዋግ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ከእርሱም በኋላ የመጡ በርካታ የአውሮጳ ቋንቋዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። እኛ ግን የብረቱን ዝገት፣ የእህሉን ዋግ ብለን ለይተናል። ስለዚህ ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው «የስንዴ ዝገት» ብሎ ሲጽፍ ያለውን ቃል ትቶ የሌለውን መፍጠሩ ነው።

ዋግ ከሰማይ ወደ ምድር የወረደበት ዘመን

የጥንት ሮማውያን ዋግን የሚልክ ሮቢጉስ የተባለ አምላክ አለ ብለው ያምኑ ነበር። በየዓመቱ ሚያዝያ 25 ቀን ውሻ እየሠዉ እህላቸውን እንዲምርላቸው ይለማመኑት ነበር። በ1767 ጣሊያናዊው ፌሊቼ ፎንታና በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ ዋግ በእህሉ ላይ የሚኖር ራሱን የቻለ ጥቃቅን ፍጡር መሆኑን አስረዳ። በ1865 ደግሞ ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ የግንድ ዋግ ሕይወቱን የሚፈጽመው በሁለት ዕፅዋት እየተፈራረቀ መሆኑን አረጋገጠ፤ አንደኛው ስንዴ ሲሆን ሁለተኛው ባርበሪ የተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። የአውሮጳ ገበሬዎች ግን ቁጥቋጦው ካለበት ዋግ እንደሚበረታ አስቀድመው ጠርጥረው ያስመነጥሩት ነበር። የገበሬው ትዝብት ሊቁን ቀድሞት ነበር ማለት ነው።

በዚህም ጊዜ መቅሠፍቱ በሽታ ሆነ። በሽታ ከሆነ ዘንድ ደግሞ «የሚያመውና የማያመው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተከተለ።

ውርስና ዘረመል

ግሬጎር ሜንዴል በአተር ላይ ያደረገውን ምርምር በ1866 ቢያሳትምም ሥራው ተረስቶ ኖሮ በ1900 እንደገና ተገኘ። ከአምስት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ሮውላንድ ቢፈን ቢጫ ዋግ የሚያጠቃውን ስንዴ ከማያጠቃው ጋር አዳቀለ። የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ በዋግ ተጠቃ፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን ከአራት አንዱ ያህል ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዋግን የመከላከል ኃይል በአንደኛው ትውልድ ተሰውሮ በሁለተኛው የሚወጣ፣ እንደ አበባ ቀለም የሚወረስ ጠባይ መሆኑ በዚህ ታወቀ። በ1909 ዴንማርካዊው ዊልሄልም ዮሐንሰን ይህን የውርስ ቅንጣት ከግሪክኛ በተወሰደ ቃል «ጂን» ብሎ ሰየመው።

በአማርኛ ለዚህ ጽንሰ ሐሳብ «ዘረመል» እና «በራሂ» የሚሉት ቃላት በጽሑፍ ይገኛሉ፤ «ጂን»ም እንዳለ ይነገራል። እኛ እዚህ «ዘረመል» የሚለውን መርጠናል። ሲሰማ ዘርንና አመልን በአንድነት ስለሚያስታውስ ለገበሬውም ለተማሪውም ቅርብ ነው።

አጃና ተልባ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ

የቢፈን ግኝት ትልቅ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። የሚከላከለውን ዘረመል አግኝቶ ወደ መልካሙ ስንዴ ማስገባት ብቻ የቀረ መሰለ። ዳሩ ግን በ1910ዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ኤልቪን ስታክማንና ባልደረቦቹ የግንድ ዋግ አንድ ወጥ አለመሆኑን ደረሱበት። በመልክ የማይለያዩ፣ በሚያጠቁት የስንዴ ዝርያ ግን የሚለያዩ ብዙ ነገዶች አሉት። በ1916 የሰሜን አሜሪካን ስንዴ ታላቅ የዋግ ወረርሽኝ ፈጀው። በዚያው ዓመት በደቡብ ዳኮታ ኤድጋር ማክፋደን ያሮስላቭ የተባለውን አጃ ከማርኪስ ስንዴ ጋር አዳቀለ። ከዚህም «ሆፕ» ማለት «ተስፋ» የተባለው ዝርያ ተገኘ። ከአጃው የመጣው ኤስ አር 2 የተባለ ዘረመል ዋግን ፈጽሞ ባያግደውም እያዘገየው ለብዙ አሥርት ዓመታት አገልግሏል።

አንባቢ «አጃ» ስንል እንዳይሳሳት እናሳስባለን። ከተሜው በከረጢት የሚገዛውንና ለገንፎ የሚያውለውን የውጭ እህል አጃ ይለዋል። የደጋው ገበሬ ግን አጃ የሚለው ከነገለባው የሚወቃውን፣ የስንዴ ወገን የሆነውን ጥንታዊ እህል ነው። የማክፋደን አጃ የገበሬው አጃ ነው። ሁለቱን በአንድ ፍች የሚያስገባ መዝገበ ቃላት ይህን ታሪክ ሊነበብ የማይችል ያደርገዋል።

ቀጥሎም በ1940ዎቹ በሰሜን ዳኮታ ሃሮልድ ፍሎር የተልባን ዋግ አጥንቶ ለጥያቄው ቁልፍ የሆነውን መልስ ሰጠ። በተልባው ውስጥ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ የመቋቋም ዘረመል በዋጉ ውስጥ ተጓዳኝ ዘረመል አለ። የተልባው ዘረመል እንደ በር ጠባቂ ነው፤ የሚያውቀውን መልክ ሲያይ ይከላከላል። ዋጉ ያን መልክ በለወጠ ጊዜ ግን ጠባቂው በቦታው እያለ ጠላት ያልፋል። ስለዚህ መቋቋም የእህሉ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በእህሉና በጥገኛው መካከል ያለ ግንኙነት ነው።

የአገራችን ድርሻ

በ1927 ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በወቅቱ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ነበር። በደጋው እየተዘዋወረ የስንዴና የገብስ ናሙና ሰበሰበ። በአንድ ማሳ ውስጥ ያየው ልዩ ልዩነት አስደንቆት አገራችንን ከዓለም የአዝርዕት መገኛዎች አንዷ አድርጎ መዘገባት። ጥቁር ስንዴን፣ ሰነፍ ቆሎን፣ ሰርገኛ ጤፍን በስም ለይቶ ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ልዩነት አዲስ ነገር አልነበረም። ቫቪሎቭ ግን የዘር ሀብት ለዓለም ምግብ ዋስትና መሆኑን ሲሰብክ ኖሮ፣ በአገሩ መንግሥት ታስሮ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ።

የተናገረውም ብዙ ሳይቆይ ታየ። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ገብስን አቢጫጭቶ የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚከላከል ዘር ሲፈለግ፣ የሚከላከሉት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ሆነው ተገኙ። እንደዚሁም ጣሊያን አገራችንን በያዘችበት ዘመን፣ በ1937 እና በ1938፣ አንድ የጀርመን ጓድ ከሰበሰባቸው ገብሶች መካከል ቅጠልን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን ሻጋታ የሚከላከሉ ነበሩ። ከእነርሱ የተገኘው ኤም ኤል ኦ የተባለው ዘረመል ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአውሮጳ የገብስ ዝርያዎች ውስጥ ገብቶ እስከ ዛሬ እየጠበቃቸው ነው። የዚህ ዘረመል ምስጢር የታወቀው በ1997 ነው። ሻጋታው ወደ ቅጠሉ ለመግባት የሚገለገልበት ዘረመል በኢትዮጵያው ገብስ ውስጥ ተሰናክሏል፤ ጠላት የሚገባበት በር የለም ማለት ነው። ጠባቂን ማታለል ይቻላል፤ በሌለ በር መግባት ግን እጅግ ይከብዳል። የዘላቂነቱም ምክንያት ይኸው ነው።

በ1976 በአዲስ አበባ የዕፅዋት የዘር ሀብት ማእከል ተቋቋመ። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ተጠብቆ እንዲቆይ በመድከማቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

አንድ ቃል የሚያስከትለው ጉዳት

በሌላ በኩል በገዛ አገራችን ማሳ የሆነው የሚያሳዝን ነው። በ1988 ዳሽን የተባለው ስንዴ በቢጫ ዋግ ተመታ። በ1993 እና በ1994 በአርሲና በባሌ በሰፊው ይዘራ የነበረው እንቆይ በግንድ ዋግ ወደመ። በ2010 ኩብሳና ገለማ በቢጫ ዋግ ተጠቁ። ከዚህ በኋላ ብዙ ገበሬ ወደ ዲገሉ ተሻገረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግን የሚከላከል፣ በ1998 በኡጋንዳ ተገኝቶ በ2003 ኢትዮጵያ የደረሰውንና ዩ ጂ 99 የተባለውን አስፈሪ የግንድ ዋግ ነገድም የሚችል ነበር። በ2013 ግን ከዩ ጂ 99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ ነገድ ተነሥቶ ዲገሉን መታው።

እነዚህ ዝርያዎች በወጡበት ጊዜ «በሽታ የሚቋቋም» መባላቸው ሐሰት አልነበረም። የጎደለው የአረፍተ ነገሩ ተሳቢ ነው፤ የትኛውን ዋግ? የትኛውን ነገድ? እስከ መቼ? ገበሬው «በሽታ የሚቋቋም» ሲባል «በሽታ የማይነካው» ብሎ ይረዳል፤ መረዳቱም አያስነቅፈውም። በዚህ እምነት ማሳውን በሙሉ በአንድ ዝርያ ይሸፍናል። በደጋው የኖረው ግን ስንዴንና ገብስን፣ ነጭንና ጥቁርን ቀላቅሎ የመዝራት ልማድ አንድ ነገድ ሁሉን በአንድ ጊዜ እንዳይፈጅ የሚያደርግ ጥበብ ነበር።

የቃላት ሐሳብ

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለግብርና ጸሐፊዎች የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ. «ዋግ» ለእህሉ፣ «ዝገት» ለብረቱ ይሁን። ሦስቱ የስንዴ ዋጎችም የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ ተብለው በየስማቸው ይጠሩ። አንዱን የሚችል ስንዴ ሌላውን ላይችል ስለሚችል «ዋግ» ብቻ ማለት አይበቃም።

ለ. «ዝርያ» ለእህሉ ብቻ ይቆይ። ለዋጉ ክፍልፋዮች «ነገድ» የሚለውን ብንይዝ «ይህ ዝርያ ያን ነገድ ይቋቋማል» ብሎ ያለ አሻሚነት መናገር ይቻላል።

ሐ. «ተቋቋመ» ከ«ቆመ» የመጣ፣ ሁለት ወገን ፊት ለፊት መቆሙን የሚያመለክት ግሥ ነው። ፍሎር በተልባ ያረጋገጠውን ግንኙነት የሚገልጽ፣ ለጉዳዩ የተገባ ቃል ነው። ስለሆነም «ተቋቋሚ» ያለ ተሳቢ ባይጻፍ፣ «የማይበገር» እና «የማይነካው» የሚሉትም በዘር መግለጫ ባይገቡ እንመርጣለን። ዋግን ለማያግደው ነገር ግን ለሚያዘገየው እንደ ኤስ አር 2 ላለው ጠባይ «አዘግይ» የሚለው ቃል ይስማማል።

መ. «ምርጥ ዘር» የሚለው አጠራር የአገሩን ዘር ያልተመረጠ ያስመስለዋል። አውሮጳን የጠቀመው ገብስ ግን በኢትዮጵያዊ ገበሬ እጅ ለዘመናት ሲመረጥ የኖረ ነው። «የተሻሻለ ዘር» እና «የአገር ዘር» ብሎ መለየት ለሁለቱም ፍትሐዊ ነው።

«ዋግ መታው» የሚለውን ነባር አነጋገርስ ምን እናድርገው? በእኛ አስተያየት እንዳለ ይቆይ። ሳይንሱ ዋግን ከሰማይ ወደ ምድር ቢያወርደውም፣ የዋጉ ብናኝ ከአገር ወደ አገር፣ ከማሳ ወደ ማሳ የሚደርሰው በነፋስ ተጭኖ ነው። ገበሬው «መታው» ሲል የመጣበትን አቅጣጫ አልሳተም። የእኛ ተግባር ከዚህ ቃል ጎን እህሉ በምን ኃይል፣ ማንን፣ እስከ መቼ እንደሚቋቋም በትክክል የሚናገሩትን ቃላት ማቆም ነው።