«ነርቭ የሚቀጥለው መርፌ»፦ ለህብለ ሰረሰር ጉዳት ሲሰጥ የኖረው ሆርሞን ታሪክ



ባለፈው ሰሞን አንድ አባት ጥቁር ፌስታል ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። ልጃቸው ከግንባታ ላይ ወድቆ ህብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ አራተኛ ወሩ ነው፤ ሁለቱም እግሮቹ አይንቀሳቀሱም። «ዶክተር ልጄ፣ ይቺን መርፌ ውጭ ያለ ዘመድ ነው የላከልን። ነርቭ ትቀጥላለች አሉን። አንቺ ብቻ ውጊልን» አሉኝ። ፌስታሉን ስከፍተው ሜቲልፕሬድኒሶሎን ነው። ለመላኪያውና ለመግዣው ያለቻቸውን አንድ ላም ሸጠዋል።

በእሳቸው አልፈርድም። ይህን መርፌ «ይሠራል» ብለው ያመኑት እሳቸው ብቻ አይደሉምና። በዓለም ላይ ያሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ከ20 ዓመት በላይ ሲሰጡት ኖረዋል። እንዴት እንደታመነበትና እንዴት እምነቱ እንደተሸረሸረ ልንገራችሁ፤ እናንተም ነገ ከነገ ወዲያ ተመሳሳይ ፌስታል ይመጣላችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ ስለ ጉዳቱ። ህብለ ሰረሰር በአከርካሪ አጥንታችን መሀል የሚያልፍ፣ ከአእምሮ ወደ እጅና እግር፣ ወደ ፊኛና አንጀት መልእክት የሚያመላልስ ለስላሳ ገመድ ነው። ከ3,500 ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ የግብጽ የሕክምና ፓፒረስ አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩን ማዘዝ ያቃተውን ሰው «ከማይታከሙት» መድቦታል። ይህ ፍርድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙም አልተለወጠም። በ1911 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ አለን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በውሾች ህብለ ሰረሰር ላይ ክብደት እየጣለ ባደረገው ሙከራ አንድ ጠቃሚ ነገር አስተዋለ። ጉዳቱ በምቱ ቅጽበት አያበቃም። ከምቱ በኋላ የሚከተለው ደም መፍሰስና እብጠት ቀድሞ ያልተነካውንም ክፍል ይጎዳል። ቃጠሎው ከጠፋ በኋላ የቀረው ፍም ጎረቤቱን ቤት እንደሚያነደው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ምት መመለስ አይቻልም፤ ሁለተኛውን ግን ማስቆም ይቻል ይሆን? የሆርሞኑ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሆርሞኑ ከየት መጣ? ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ አድሬናል ይባላሉ። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ኤድዋርድ ኬንዳል ከእነዚህ እጢዎች የሚወጡ ንጥረ ነገሮችን ለዓመታት ሲለይ ቆየ። በመስከረም 1948 እ.ኤ.አ. ባልደረባው ፊሊፕ ሄንች ከእነዚህ አንዱን፣ በኋላ ኮርቲዞን የተባለውን፣ በመገጣጠሚያ ሕመም መንቀሳቀስ ላቃታት አንዲት ሴት በመርፌ ሰጣት። በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ሁለቱ ተመራማሪዎች ከስዊዘርላንዱ ታዴዎሽ ራይሽስታይን ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እስቲ አስቡት፤ አልጋ ላይ የቀረች ሴት በመርፌ ተነሳች ሲባል የሰማ ሐኪም ሁሉ መድኃኒቱን ለሌላውም በሽታ መሞከር ፈለገ።

በ1950ዎቹ ከኮርቲዞን ይልቅ ጠንከር ያሉ ሰው ሠራሽ ዝርያዎች ተሠሩ። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞንና ሜቲልፕሬድኒሶሎን ከነዚህ ናቸው። «ስቴሮይድ» የምንላቸው እነዚህን ነው። እብጠትን ይቀንሳሉ። የህብለ ሰረሰር ጉዳት ደግሞ ያብጣል። እንግዲያው ይሠራል! ሐሳቡ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ተስፋ ሰጡ።

በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት ውጤት በ1984 ታተመ። በዬል ዩኒቨርሲቲው ማይክል ብራከን መሪነት 330 ታማሚዎች ተካተቱበት። ግማሹ በቀን 100 ሚሊግራም፣ ግማሹ 1,000 ሚሊግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን ለ10 ቀናት ተሰጣቸው። መድኃኒቱን ጭራሽ ያላገኘ ቡድን አልነበረም፤ በጊዜው ሐኪሞች ስለሚያምኑበት መከልከል ግፍ መሰላቸው። ውጤቱ? በሁለቱ መካከል የመንቀሳቀስ ልዩነት አልታየም። ብዙ የወሰዱት ላይ ግን የቁስል ማመርቀዝ በዛ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማብቃት ይችል ነበር፤ አላበቃም። «መጠኑ አንሶ ይሆናል» ተባለና ሁለተኛ ጥናት ተጀመረ። አሁን መጠኑ እጅግ ከፍ አለ። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 30 ሚሊግራም በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ ለ23 ሰዓታት በየሰዓቱ 5.4 ሚሊግራም በኪሎ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስናሰላው በአንድ ቀን ከ9 ግራም በላይ ይሆናል። በቤታችሁ ለአስም የሚወሰደውን ባለ 5 ሚሊግራም የፕሬድኒሶሎን ኪኒን የምታውቁ ካላችሁ፣ ከ2,000 ኪኒን በላይ በ24 ሰዓት እንደመዋጥ ነው።

ይህ ጥናት 487 ታማሚዎች ነበሩት፤ ውጤቱም በ1990 ታተመ። ሁሉም ታማሚዎች አንድ ላይ ሲታዩ መድኃኒቱ ጥቅም አላሳየም። አጥኚዎቹ ግን ታማሚዎቹን ከፋፍለው ሲያዩ፣ ከጉዳቱ በኋላ በ8 ሰዓት ውስጥ መርፌውን የጀመሩት የተሻለ የጡንቻ ጉልበት አገኙ። የተሻለ ሲባል ከ70 ነጥብ በ5 ገደማ ነው። በዚህ ክፍልፋይ ውስጥ በእያንዳንዱ ወገን የነበሩት ታማሚዎችም ከ70 ያነሱ ናቸው። 5 ነጥብ ማለት ለአንዱ ጣትን ማንቀሳቀስ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ደግሞ በኑሮው ውስጥ ጨርሶ የማይታወቅ ነገር።

ጽሑፉ ገና ሳይታተም ዜናው በአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋማት በኩል ለሐኪሞች ተሰራጨ፤ ጋዜጦችም አስተጋቡት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው? ተጎጂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መርፌው ይሰቀላል። በ1997 የታተመው ሦስተኛው ጥናት ደግሞ 499 ታማሚዎች ነበሩት፤ መርፌው ለ24 ሰዓት ይሰጥ ወይስ ለ48 የሚል ንጽጽር ነበረው። 48 ሰዓት የወሰዱት ላይ ከባድ የሳንባ ምችና ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በዛ።

ብዙ የአከርካሪ ሐኪሞች ጥርጣሬያቸውን በግልጽ መጻፍ ጀመሩ። ይሁን እንጂ መርፌው አልቆመም። በካናዳ ሐኪሞች ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ የሚሰጡት በጥቅሙ አምነው ሳይሆን ባልደረቦቻቸው ስለሚሰጡና ክስ ስለሚፈሩ መሆኑን ተናገሩ። እንደ ሐኪም ይህን ሳነብ አፍራለሁ፤ ግን ይገባኛልም። እግሩ የማይንቀሳቀስ ወጣት አልጋ ላይ፣ እናቱ ደጃፍ ላይ ቆማ እያለቀሰች «የምሰጠው ነገር የለም» ማለት ከባድ ነው።

ነገሩን ያናወጠው በሌላ ጉዳት ላይ የተደረገ ጥናት ነው። በጭንቅላት ጉዳት ላይም ስቴሮይድ ለአሥርት ዓመታት ይሰጥ ነበር። ክራሽ የተባለው ጥናት 20,000 ሰው ለማካተት ተነስቶ 10,008 ላይ ሲደርስ በ2004 ቆመ። ምክንያቱም መርፌው ከተሰጣቸው 21.1 ከመቶው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞተዋል፤ ካልተሰጣቸው ግን 17.9 ከመቶው። በደግነት ሲሰጥ የነበረ መድኃኒት ሰው ይገድል ነበር ማለት ነው። በ2013 የአሜሪካ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች መመሪያ ሜቲልፕሬድኒሶሎንን ለህብለ ሰረሰር ጉዳት አንመክርም አለ። በ2017 የወጣ ሌላ ዓለም አቀፍ መመሪያ ደግሞ ጉዳቱ በደረሰ በ8 ሰዓት ውስጥ ለ24 ሰዓት ብቻ መስጠትን እንደ አማራጭ ትቶታል፤ ግዴታ አላደረገውም። ስለዚህ ዛሬም አንዱ ሆስፒታል ሰጥቶ ሌላው ባይሰጥ አንዱ ሐኪም አጥፍቷል ማለት አይደለም። ወላጆች ሆይ፣ ይህንንም ልብ በሉ፤ በ1990ው ጥናት ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አልተካተቱም።

ሌሎች ሆርሞኖችስ? ፕሮጄስቴሮን፣ ማለትም የእርግዝና ሆርሞን፣ በአይጦች አንጎል ላይ ድንቅ ውጤት ስላሳየ ብዙ ተወርቶለት ነበር። በ2014 በጭንቅላት ጉዳት ላይ የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ጥቅም አላገኙበትም። ከኩላሊት የሚወጣው ኤሪትሮፖይቲንም ተሞክሯል፤ የተቆረጠ ተስፋን የሚቀጥል ማስረጃ ግን አላመጣም። ቴስቶስቴሮን የሚያንሳቸው ተጎጂ ወንዶች አሉ፤ በምርመራ ሲረጋገጥ ሐኪም ሊሰጠው ይችላል። እሱ የሚያግዘው ጡንቻንና ስሜትን ነው፤ ሰረሰሩን አይጠግንም።

አንድ ነገር እንዳይምታታ። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም። በአስም፣ በአንዳንድ የህብለ ሰረሰር ብግነትና ዕጢ ሰረሰሩን ሲጫነው ዛሬም እናዛለን፤ ያ ሌላ ታሪክ ነው። በሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ የምትወስዱ ይህን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፤ አደገኛ ነው።

ወደ 1948 ልመልሳችሁ። ኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሰጠቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 29 ቀን በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር፣ በእንግሊዝ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል 16 ተጎጂዎች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቀስት ውድድር አደረጉ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የመጣው። አዘጋጁ ከናዚ ጀርመን የሸሸው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነበር። ከእሱ ዘመን በፊት እንዲህ ያሉ ተጎጂዎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በአልጋ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን የሰጣቸው ተአምረኛ መርፌ የለም። ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አደረገ፣ የሽንት ቱቦ በንጽሕና እንዲገባ አስገደደ፣ አስነስቶ ሥራና ስፖርት አስጀመራቸው። ስለ ኮርቲዞን ዓለም ሲያወራ ሰዎቹን በሕይወት ያቆየው ይኸው የነርሶች ሥራ ነው።

ለእኚያ አባትም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። መርፌው 8 ሰዓት ሲባል ለነበረ ጥቅም ታስቦ እንደሆነ፣ ከአራት ወር በኋላ ግን የሚያመጣው ስኳር፣ የጨጓራ መድማትና ኢንፌክሽን ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ላሟ?» አሉ። የምመልሰው አጣሁ። ልጁን ሳየው ተረከዙና መቀመጫው ላይ ቆዳው ቀልቷል፤ ተጭነን ስንለቀው ቅላቱ አይጠፋም። ቁስል ሊከፈት ቀናት ቀርተውታል። የመገላበጫ ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጻፍንላቸው፤ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮም ያዝን። አባትየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «የሌሊቱን እኔ እይዛለሁ፤ ድሮም እንቅልፍ የለኝም» አሉኝ።

ሰው ወድቆ ወይም በመኪና ተገጭቶ አንገቱን ወይም ጀርባውን ካመመው፣ እጅ እግሩ ከደነዘዘ፣ ጎትታችሁ አታንሱት፤ አንገቱን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና አምቡላንስ ጥሩ። ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ብዙ ሰው ሆናችሁ እንደ ግንድ አንድ ላይ አዙሩት። ሆስፒታል ሲደርስ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ መጠበቅና ሰረሰሩን የተጫነ አጥንት ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ በቀዶ ሕክምና ማንሳት ላይ ብዙ ሐኪሞች ይስማማሉ፤ ስለዚህ ሰዓቱን በወጌሻ ቤት አታባክኑት። ስለ አልጋ ቁስል አጠባበቅ በሚቀጥለው ለብቻው እጽፋለሁ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ የሚያስቸግራችሁን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።