በጉንደ ወይን ደጋ የቤት እንስሳትን ከብርድ ስለ መጠበቅ

ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ የዚህን አገር አየር ይገዛዋል። ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ ዝናብና በረዶ ይበረታል። የጎጃም ደጋ ሰው እንስሳቱን ከዚህ ለማዳን ከጥንት ጀምሮ የያዘው ዘዴ ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር እንዲያድሩ ማድረግ ነው።

የቤቱ አሠራር ይህንኑ ያስረዳል። የእንጨቱ ግድግዳ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ ክዳኑም ሣር ነው። በውስጡ ለከብቱ ጋጣ ይከፈላል፤ ዶሮዎች በቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። ድመት አይጥን ከእህል ስለምታርቅ ከምድጃው ዳር የሚያስነሣት የለም። የውሻ ዕጣ ግን ሌላ ነው፤ ጅብንና ሌባን እንዲጠብቅ በደጅ ያድራልና መጠለያው የጣራው ጠርዝ ወይም የጭድ ክምር ጥግ ነው። በቤቱ ውስጥ የከብቱ ትንፋሽ ሰውን፣ የምድጃው እሳትም ከብቱን ያሞቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ልማድ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ብርቱ ፈተና ገጠመው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የኢጣልያ ጦር ወደ ምጽዋ ካስመጣቸው ከብቶች የተነሣው ደስታ የተባለው በሽታ ወደ መሀል አገር ዘለቀ። ከአገሪቱ የቀንድ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። ድርቅም ታክሎበት እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን ሆነ። በሽታው በትንፋሽና በመነካካት የሚተላለፍ ነውና፣ ከውርጭ ያድን የነበረው ጋጣ የታመመውን በሬ ከጤነኛው ጋር አንድ ላይ ዘጋበት። ስለዚህ አንዱ ጣራ ከብርድ ማዳኑ እውነት ሲሆን፣ ከተላላፊ ደዌ አለማዳኑም እውነት ነው።

ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የከብቱ ማደሪያ ከሰው መኖሪያ እንዲለይ ያስተምራሉ። ምክሩ ለሰውም ለከብትም ጤና የሚበጅ ነው። ነገር ግን ጋጣው ሲለይ የምድጃው ሙቀት አብሮት አይሄድም። ግድግዳ በሌለው በረት ውስጥ የረጠበ ጥጃ ወይም አዲስ የተወለደ ግልገል ነፋስ ሲያገኘው ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ አዲሱ ማደሪያ የአሮጌውን ቤት ትምህርት መያዝ አለበት፤ ይኸውም ነፋስ የሚከላከል ግድግዳ፣ የማያፈስ ክዳን፣ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ጢስና እርጥበት የሚወጣበት ቀዳዳ ነው። በደጅ ለሚያድረው ውሻም ከዚሁ ክዳን ሥር ጥግ ቢተውለት፣ አባቶች ለሌሎቹ ያሰቡት ለእርሱም በደረሰው ነበር።