የድንጋይ ስምና የድንጋይ ዕድሜ፤ ከአዲግራት እስከ መተማ ቆላ

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ደጋው እየራቀ ሙቀቱም እየበረታ ሲሄድ፣ ከእግሩ ሥር አዘውትሮ የሚያገኘው ጥቁር ዋልካና ዋልካውን የወለደው ባዛልት ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ገዳሪፍ ሲደርስ ግን ከባዛልቱ ሥር አሸዋ ድንጋይ ይገጥመዋል። ይህን የመሰለውን ዐለት ሁሉ የሱዳን አጥኚዎች ለብዙ ዘመን «የኑቢያ አሸዋ ድንጋይ» ሲሉት ኖረዋል፤ ስያሜው ኦስትሪያዊው ሩሴገር በ1837 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። በእኛ በኩል ያለን ባልደረቦች ደግሞ ከባዛልት ሥር ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ባገኘን ቁጥር «አዲግራት» ማለት፣ አስከትለንም «ትራያሲክ» ብለን መጻፍ ይቀናናል። ለመሆኑ ስሙ ዕድሜውን አብሮ ይዞ ይጓዛልን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን መመርመር ነው።

የስሙ ታሪክ ከዚሁ ቆላ ጋር የተያያዘ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የቋራው ካሣ በ1855 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ፣ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተነሣው ጠብ ሳቢያ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ድረስ የዘለቀው ጦር በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረውን ዊልያም ብላንፎርድን አስከትሎ ነበር። ብላንፎርድ ከዙላ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በአንጣሎ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ያያቸውን ዐለቶች በ1870 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ የሚሉት ስሞች የተገኙት ከዚያ ነው። ጦሩ የመጣው ከቋራ በተነሡት ንጉሥ ላይ ሲሆን፣ ያ የዘመቻ መንገድ ግን ድንጋዩን የሰየመውን ሰው ወደ ቋራም ወደ መተማም አላደረሰውም።

ትራያሲክ የሚባለው ዘመን ከ252 እስከ 201 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ነው። ያን ጊዜ አህጉራት በአንድነት ተጣምረው ነበር። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በአብዛኛው ወንዞች ያጋዙት አሸዋ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ ውፍረቱ 300 ሜትር ያህል ይሆናል። ቀይ መልኩ በውስጡ ያለው ብረት አየር እያገኘ መዛጉን ያሳያል፤ ብረትን የሚያዝግ አየርም አጥንትንና ቅጠልን ያበሰብሳል። በዚህም የተነሣ ዐለቱ በቅሪተ አካል ድኻ ነው፤ ዕድሜውንም የሚነግሩን ጎረቤቶቹ ናቸው። በዓባይ ሸለቆ ከበላዩ ጌታነህ አሰፋ በ1981 እ.ኤ.አ. ጎሐ ጽዮን ብለው የሰየሙት ድርብርብ፣ ከዚያም በላይ የጁራሲክ ባሕር እንስሳት ቅሪት የሞላበት የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ ይገኛል። እነዚህ ምስክሮች «ከእኛ ይቀድማል» ይላሉ፤ በስንት ዓመት እንደሚቀድም ግን አይነግሩንም።

በዚህ ላይ መሳሳት እንደሚቻል ትግራይ አስተምሮናል። በ1971 እ.ኤ.አ. ዳው፣ ቤይትና ፀጋዬ ኃይሉ ባሳተሙት ጥናት፣ ቀድሞ ከአዲግራት ጋር ይቀላቀል የነበረውን አሸዋ ድንጋይ ለይተው «እንጢቾ» አሉት፤ የጥንት የበረዶ ግግር ያስቀመጠውንም ዐለት «እዳጋ ዓርቢ» አሉት። በ1983 እ.ኤ.አ. ሳክሴናና ጌታነህ አሰፋ እንስሳት በአሸዋው ላይ የተዉትን ዱካ መርምረው የእንጢቾን ዕድሜ ወደ ኦርዶቪሺያን መለሱት። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቡሰርትና ሽራንክ የተባሉ ጀርመናውያን የዕፅዋት ብናኝ መርምረው የእዳጋ ዓርቢው በረዶ በካርቦኒፌረስ ማብቂያና በፐርሚያን መጀመሪያ ላይ የነበረ መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ በአንድ ስም ይጠራ የነበረው ድንጋይ በመቶ ሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የተራራቀ ሆኖ ተገኘ፤ የለያዩትም የትል መንገድ የሚመስል ዱካና በዐይን የማይታይ ብናኝ ናቸው።

የምዕራብ ጎንደር ምድርም ቢሆን ምስክር አጥቶ አያውቅም። በመንገዱ ላይ ባለችው ጭልጋ የ27 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የዝሆን ዘመዶች ቅሪቶች ተገኝተው በ2003 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተገልጸዋል። በመተማ አቅራቢያ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው የጥንት ሰዎች ሠፈር ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሲገለጽ፣ ዘመኑን ለማወቅ የረዳው በሱማትራ ካለው የቶባ እሳተ ገሞራ ከ74,000 ዓመት በፊት ተነሥቶ በነፋስ የመጣ የመስታወት ብናኝ ነው፤ ቅንጣቱ ከሰው ጠጉር ውፍረት ያንሳል።

ይህ ሁሉ ለሥራችን የሚሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ካርታ ከካርታ ይገለበጣል፤ ዛሬ በግምት የጻፍነውን ዘመን ነገ ሌላው እንደ ተረጋገጠ ነገር ይወስደዋል፤ ጉድጓድ ቆፋሪውም ከሥሩ ምን እንደሚጠብቀው በዚያ ይገምታል። ስለዚህ በቆላው ከባዛልት ሥር አሸዋ ድንጋይ ያጋጠመው ባልደረባ ያየውን ይጻፍ፤ መልኩን፣ የቅንጣቱን መጠን፣ ከላይና ከታች የሚያዋስነውን ይመዝግብ። ከቀዩ አሸዋ መካከል ቀጭን ግራጫ የሸክላ ድርብርብ ቢያገኝ ሳይንቅ ናሙና ይውሰድ፤ ብናኙ ከዝገት ተርፎ የሚገኘው በዚያ ነውና። የዘመኑን ስፍራ ግን ምስክሩ እስኪመጣ ባዶ ይተወው። ባዶ ስፍራ ተከታዩን አጥኚ ወደ ሥራ ይጠራዋል፤ በግምት የተሞላ ስፍራ ግን ሥራው ያለቀ አስመስሎ ያሳርፈዋል።