ቁልፍና አደራ፦ የሶፍትዌር ትስስር አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የራሴ ጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ባለጉዳዮች በኢንተርኔት የሚሞሉት ቅጽ በራሱ ወደ መዝገባችን ገብቶ ለሚመለከተው ሠራተኛ መልእክት እንዲያደርስ፣ የልዩ ልዩ ኩባንያዎችን ሶፍትዌር እርስ በርስ አገናኝተን ነበር። ትስስሩን የከፈትነው በአንድ ባልደረባችን አካውንት ነበር። እርሱ ሥራ ሲለቅ አካውንቱ ተዘጋ፤ ትስስሩም ድምፅ ሳያሰማ ቆመ። ባለጉዳዮች ማመልከቻቸው የደረሰ መስሏቸው ሲጠብቁ እኛ ጸጥታውን እንደ ዕረፍት ቆጠርነው። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም።

ፕሮግራሞችን የማገናኘት ሐሳብ የቆየ ነው። ዳግላስ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1964 በቤል ላብራቶሪዎች በጻፈው ማስታወሻ፣ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ አንዱ ከሌላው የሚቀጠሉበት መንገድ እንዲኖር ጠየቀ። በ1973 ኬን ቶምሰን ሐሳቡን በዩኒክስ ላይ እውን አደረገው። እነዚያ ፕሮግራሞች በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ በአንድ ተጠቃሚ ሥልጣን ሥር የሚሠሩ ስለ ነበሩ የቁልፍ ርክክብ አላስፈለጋቸውም።

ነገሩ የከበደው ፕሮግራሞቹ በየባለቤቶቻቸው ኮምፒውተር ተለያይተው መኖር ሲጀምሩ ነው። አንዱ አገልግሎት ከሌላው ዘንድ ያለውን መረጃችንን ለማምጣት ሲፈልግ የይለፍ ቃላችንን ይጠይቀን ነበር። ይህም ጓዳ ለማስጠረግ የቤቱን ሁሉ ቁልፍ እንደ ማስረከብ ነው። በ2007 የመጀመሪያው፣ በ2012 ደግሞ ሁለተኛው የኦኦት ደንብ የወጣው ለዚህ መፍትሔ ለመስጠት ነበር። የይለፍ ቃል ሳይነገር፣ የተወሰነና በኋላም ሊሻር የሚችል ፈቃድ መስጠት ተቻለ። ቁልፍ መስጠት ቀለለ፤ የተሰጠውን መቁጠር ግን ተረሳ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ የሌላ ወገን በር በባለቤቱ ፈቃድ የሚዘጋ መሆኑ ነው። በ2012 ትዊተር ደንቡን ሲያጠብቅ፣ ኢፍት የተባለው አገናኝ አገልግሎት ከትዊተር መልእክት ተነሥተው የሚሠሩ ትስስሮችን ለመዝጋት ተገደደ። ተጠቃሚዎቹ አንዳች አላጠፉም። በ2007 የተከፈተው ያሁ ፓይፕስም በ2015 ሲዘጋ፣ በእርሱ ላይ የተሠራው ሁሉ አብሮ ቀረ።

ሁለተኛው፣ የሰጠነው ቁልፍ ከተቀባዩ እጅ ሊሰረቅ መቻሉ ነው። በ2022 ጊትሀብ እንዳስታወቀው፣ ለሄሮኩና ለትራቪስ ሲአይ ተሰጥተው የነበሩ የኦኦት ፈቃዶች ተሰርቀው በደርዘን ከሚቆጠሩ ድርጅቶች መረጃ ተወስዷል። ሌቦቹ በር መስበር አላስፈለጋቸውም፤ ባለቤቶቹ ለሦስተኛ ወገን ባስረከቡት ቁልፍ ከፍተው ገቡ።

በእኔ እምነት፣ ትስስር ዕቃ ሳይሆን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ሰጪውን ከኃላፊነት አያወጣውም። ስለዚህ የሥራ ፍሰቱን በሶፍትዌር የሚያካሂድ መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ የትኛው ቁልፍ ለማን፣ ለምን ጉዳይ፣ በማን ፈቃድ እንደ ተሰጠ የሚያሳይ መዝገብ ሊኖረው ይገባል። ትስስሩ በግለሰብ ሳይሆን በመሥሪያ ቤቱ አካውንት ይከፈት፤ ፈቃዱ ከሥራው አይስፋ፤ ሥራ የለቀቀ ሰውና የተተወ አገልግሎት ቁልፍ ይዘው አይቅሩ። ሲሳሳት ብቻ ሳይሆን ዝም ሲልም የሚያስጠነቅቅ ደወል ይኑረው። በሩ ድንገት ቢዘጋ ሥራው በእጅ የሚቀጥልበት መንገድ አስቀድሞ ይታሰብበት።

ያን ጊዜ መዝገቡ ቢኖረን ኖሮ፣ ባልደረባችን በተሰናበተበት ዕለት አንድ መስመር አንብበን ቁልፉን በተቀየርን ነበር። የጠበቁን ባለጉዳዮችም መልሳቸውን በጊዜው ባገኙ ነበር።