ምስክር ያላስቀረችው የጥይት መርከብ

«ማውንት ሁድ» የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጥይት ማመላለሻ መርከብ ነበረች። የአገልግሎት ዘመኗ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 እስከ ኅዳር 10 ቀን 1944 ነው፤ አራት ወር ከአሥር ቀን መሆኑ ነው።

በሰሜን ካሮላይና ግዛት ዊልሚንግተን ከተማ ስትሠራ «ማርኮ ፖሎ» የምትባል የንግድ መርከብ ነበረች። ባሕር ኃይሉ ለጥይት መርከቦቹ የእሳተ ገሞራ ተራሮችን ስም የማውጣት ልማድ ስለነበረው (ስም አውጪው ምን እያሰበ እንደነበር እንጃ) በኦሪገን ግዛት በሚገኘው ተራራ ስም ተጠራች። ስሟ የተለወጠው ኅዳር 10 ቀን 1943፣ ማለትም ከመጥፋቷ ልክ አንድ ዓመት በፊት ነው።

የጥይት መርከብ ተዋጊ አይደለም፤ ተንሳፋፊ ግምጃ ቤት ነው። ከአገሩ ርቆ የሚዋጋ መርከብ ቦምቡንና የመድፍ ጥይቱን ከእሱ ይወስዳል፤ የተበላሸውንም ይመልስለታል። «ማውንት ሁድ» በነሐሴ ወር ከኖርፎክ ጭና ተነሳች፤ የፓናማን ቦይ አቋርጣ መስከረም 22 ቀን ዛሬ የፓፑዋ ኒው ጊኒ አካል በሆነችው በማኑስ ደሴት፣ ሲአድለር ወደብ ደረሰች። ሥራዋ ለፊሊፒንስ ዘመቻ ለሚሰናዱት መርከቦች ጥይት ማደል ነበር።

ኅዳር 10 ከጧቱ 2፡55 ላይ 3,800 ቶን ያህል ፈንጂ እንደያዘች ፈነዳች። ከመርከቧ የተገኘው ትልቁ ቁራጭ 40 በ25 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከሥሯ የባሕሩ ወለል 300 ሜትር ርዝመትና 60 ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ሆኖ ተቆፈረ። ከ300 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት የቆመችው የጥገና መርከብ «ሚንዳናኦ» ላይ በመርከቡ ወለል ላይ የነበሩት ሁሉ ሞቱ። በጠቅላላው 45 ሰዎች መሞታቸው ተረጋገጠ፣ 327 የገቡበት ጠፋ፣ 371 ቆሰሉ። በመርከቧ ላይ ከነበሩት አንድም ሰው አልተረፈም።

የምርመራ ጉባዔው ፍንዳታው ከመርከቧ ከራሷ የተነሳ ነው አለ። በእርግጥም የዘረዘረው ነገር ያስደነግጣል፤ ጥይት በግዴለሽነት ይወረወር ነበር፣ ማቀጣጠያዎች ከደንብ ውጪ በአንድ ክፍል ተከማችተዋል፣ ዱቄታቸው የፈሰሰ የተሰባበሩ ሮኬቶች ነበሩ፣ ናፓልም ከመጋዘን አፍ አጠገብ በእንጨት ጎጆ ተቀምጧል፣ የጥንቃቄ ደንብም አልተለጠፈም። ነገር ግን እሳቱን የለኮሰውን ነገር ያየ የለም። በሕግ ቋንቋ ይህ ሁሉ የአካባቢ ማስረጃ ነው። ጉባዔውም «ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አላለፈም፤ በዚህ ትክክል ነበር እላለሁ። የማይዋጥልኝ፣ ጥፋቱ መልስ ሊሰጡ በማይችሉት ሙታን ላይ ብቻ እንዲቀር የሚያደርገው አነበብ ነው። የተበላሸ ጥይት እንድትቀበል የተደረገች፣ በመርከቦች በተጨናነቀ ወደብ መሐል የቆመች መርከብ ናት፤ ቦታዋን የመረጠላት ደግሞ ጥይት ተሸካሚው መርከበኛ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 17 ቀን በካሊፎርኒያ ፖርት ቺካጎ ጥይት ሲጫን በደረሰ ፍንዳታ 320 ሰዎች አልቀው ነበር። እዚያ የተከሰሱት በሕይወት የተረፉት ናቸው፤ «ያለ ሥልጠና ወደዚህ ሥራ አንመለስም» ያሉ 50 ጥቁር መርከበኞች በአመፅ ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርዱ የተሰጠው «ማውንት ሁድ» ከመፈንዳቷ ሁለት ሳምንት ከግማሽ ያህል ቀደም ብሎ ነው። ባሕር ኃይሉ ነፃ ናችሁ ያላቸው በሐምሌ 2024፣ ከ80 ዓመት በኋላ ነው።

ከ«ማውንት ሁድ» ሠራተኞች የዳኑት ያን ዕለት ጧት ወደ የብስ የወረዱ ጥቂቶች ነበሩ። ከነሱ ውስጥ ሁለቱ ለጦር ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ወደ እስር ቤት የሚወሰዱ ተከሳሾች ነበሩ። ክሳቸው ከፍንዳታው በኋላ ተነሣ።