ጥቁርና ነጭ ዲጂታል ፎቶግራፍ

ጥቁርና ነጭ ዲጂታል ፎቶግራፍ በዲጂታል ካሜራ የተነሳና ከጥቁር እስከ ነጭ ባሉ የግራጫ ደረጃዎች ብቻ የሚታይ ምስል ነው። እንዲህ ያለ ምስል በሦስት መንገዶች ይገኛል፦ ካሜራውን በጥቁርና ነጭ ሞድ ላይ አድርጎ በማንሳት፣ በቀለም የተነሳውን በኋላ በሶፍትዌር በመለወጥ፣ ወይም ቀለም በማይለይ ልዩ ሴንሰር በማንሳት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ እንደ ተቃራኒ ቢታዩም የሚጀምሩት ከአንድ ዓይነት የቀለም መረጃ ነው። የሚለያዩት ቀለሙ መቼ እንደሚጣልና እንዴት ወደ ግራጫ እንደሚለወጥ በሚወስነው አካል ነው።

ሴንሰሩ ብርሃንን እንዴት እንደሚመዘግብ

የካሜራ ሴንሰር በራሱ ቀለም አይለይም፤ እያንዳንዱ ፒክስል የሚለካው የደረሰውን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው ቀደምት ዲጂታል ካሜራም ጥቁርና ነጭ ነበር። ምስሉ 100 በ100 ፒክስል ሲሆን አንዱን በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር።

ቀለም የሚገኘው ፒክስሎቹ ላይ በሚደረግ የማጣሪያ ሽፋን ነው። የዚያው ኩባንያ ባልደረባ ብራይስ ቤየር በ1976 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት አደራደር ከፒክስሎቹ ግማሹ በአረንጓዴ፣ ሩቡ በቀይ፣ ሩቡ በሰማያዊ ማጣሪያ ይሸፈናል። በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የጎደሉት ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ፒክስሎች ተሰልተው ይሞላሉ። አብዛኞቹ የዛሬ ካሜራዎችና የሞባይል ስልኮች የሚሠሩት በዚህ አደራደር ወይም ከእሱ በተወሰደ ዘዴ ነው። ስለዚህ ካሜራው በጥቁርና ነጭ ሞድ ላይ ቢሆንም ሴንሰሩ ብርሃኑን የሚቀበለው በቀለም ማጣሪያ በኩል ነው።

በካሜራው ጥቁርና ነጭ ሞድ ማንሳት

በዚህ ሞድ ሲነሳ ውጤቱን የሚወስነው የፋይሉ ዓይነት ነው።

ጄፔግ፦ ካሜራው ቀለሙን በራሱ ቀመር ወደ ግራጫ ይለውጥና የቀለም መረጃውን ይጥለዋል። የተጣለው ቀለም ተመልሶ አይገኝም። በተጨማሪም ፋይሉ የሚይዘው 256 የግራጫ ደረጃዎችን ብቻ ስለሆነ ጨለማው ክፍል በኋላ በኃይል ሲደምቅ ለስላሳ መሆን የነበረበት ቦታ ደረጃ ደረጃ እየሠራ ይታያል።

ሮው፦ ፋይሉ የሴንሰሩን ሙሉ መረጃ ይይዛል፤ ባለ 14 ቢት ከሆነ ለእያንዳንዱ ፒክስል 16,384 ደረጃዎች አሉት። ጥቁርና ነጭ የሚሆነው በካሜራው ስክሪን ላይ የሚታየው ቅድመ እይታ ብቻ ነው። ፋይሉ በኮምፒውተር ሲከፈት በቀለም ሊመጣ መቻሉ ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ ያስገርማል።

የሞዱ ዋና ጥቅም ፎቶ አንሺው ገና ከማንሳቱ በፊት ትዕይንቱን በግራጫ ማየቱ ነው። ቀለሙ ዓይንን ስለማይስብ ጥላ፣ ቅርጽና የብርሃን አቅጣጫ ጎልተው ይታያሉ። በመስታወት በሚሠራ የዓይን መመልከቻ ግን ትዕይንቱ ምንጊዜም በቀለም ነው የሚታየው።

ከቀለም ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ

መለወጥ ማለት ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቁጥሮች አንድ የግራጫ ቁጥር ማውጣት ነው። ይህን ለማድረግ አንድ ብቻ ትክክለኛ ቀመር የለም። በአንድ ሳህን ላይ ያሉ ቲማቲምና ቃሪያን ለምሳሌ እንውሰድ። የቲማቲሙ ቁጥሮች ቀይ 200፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 40፤ የቃሪያው ደግሞ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 200፣ ሰማያዊ 40 ናቸው እንበል።

- የሦስቱ አማካይ ሲወሰድ፦ ቲማቲም 93፣ ቃሪያ 93
- የጄፔግ ፋይሎች በሚጠቀሙበት የብሩህነት ቀመር (0.299 ቀይ፣ 0.587 አረንጓዴ፣ 0.114 ሰማያዊ)፦ ቲማቲም 88፣ ቃሪያ 134
- ቀዩ ቻናል ብቻ ሲወሰድ፦ ቲማቲም 200፣ ቃሪያ 40

በመጀመሪያው ስሌት ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው መለየት አይቻልም፤ በሦስተኛው ቲማቲሙ ብሩህ፣ ቃሪያው ጨለማ ይሆናል። በፊት ገጽታም ላይ እንዲሁ ነው። የሰው ቆዳ ከሰማያዊ ይልቅ ቀይ ብርሃንን አብልጦ ስለሚያንጸባርቅ ቀዩ ቻናል ቆዳን ያደምቃል፣ ያለሰልሳልም፤ ሰማያዊው ግን ያጠቁረዋል፣ ጠባሳና ነጠብጣብንም ያጎላል። ስለዚህ የአንድ ሰው መልክ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ መታየቱ በከፊል በተመረጠው ቀመር ይወሰናል።

በፊልም ዘመን ይህ ምርጫ የሚደረገው ሌንሱ ላይ ባለቀለም መስታወት በመግጠም ነበር። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1927 እ.ኤ.አ. ሃፍ ዶም የተባለውን ግዙፍ ዐለት ሲያነሳ ሰማዩን ለማጥቆር ጥቁር ቀይ ማጣሪያ ተጠቅሟል። ውሳኔው ፊልሙ ላይ ካረፈ በኋላ ሊቀየር አይችልም ነበር። የቀለም ፋይል ግን የተለያዩ ማጣሪያዎችን በኋላ ለመሞከር ያስችላል። ይሁን እንጂ ገደብ አለው፤ አንዱ ቻናል ከመጠን በላይ ሲጎላ ወይም ሲጨለም ሰማዩ ላይ ዝብርቅርቅ ነጠብጣቦች፣ በነገሮች ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ይወጣሉ።

ቀለም የማይለዩ ሴንሰሮች

አንዳንድ ካሜራዎች የቀለም ማጣሪያ ሽፋን የሌለው ሴንሰር አላቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 18 ሜጋፒክስሉ ላይካ ኤም ሞኖክሮምና በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ፔንታክስ ኬ-3 ማርክ 3 ሞኖክሮም ከእነዚህ መካከል ናቸው። ማጣሪያው ብርሃን ስለማይቀንስባቸው በደብዛዛ ቦታ የተሻለ ይሠራሉ፤ ከጎረቤት ፒክስል የሚገመት ነገር ስለሌለም ዝርዝሩ ይበልጥ የጠራ ነው።

በአንጻሩ የቀለም ሚዛኑን በኋላ ማስተካከል ስለማይቻል ፎቶ አንሺው ወደ መስታወት ማጣሪያ ይመለሳል። በብርሃን ብዛት ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ቦታም መረጃው ይጠፋል። በቀለም ሴንሰር ግን አንዱ ቻናል ቢሞላ ከቀሩት ሁለቱ የተወሰነ ዝርዝር ማትረፍ ይቻላል።

አመራረጥ

ብዙ ካሜራዎች አንዱን ምስል በሮውና በጄፔግ በአንድ ጊዜ ማስቀመጥ ይችላሉ። ካሜራው በጥቁርና ነጭ ሞድ ላይ ሆኖ በዚህ መንገድ ሲነሳ ጥቁርና ነጩ ጄፔግ ወዲያው ለአገልግሎት ይውላል፣ ቀለሙም ሮው ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ በምላሹ በማኅደረ ትውስታ ካርዱ ላይ ብዙ ቦታ ይይዛል። ጄፔግ ብቻ በሚያነሳ ካሜራ ወይም ስልክ ግን በቀለም አንስቶ ቅጂውን መለወጥና ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ማስቀመጥ ይመረጣል። በተለይ ዳግም ሊነሱ በማይችሉ የቤተሰብ፣ የሰነድና የታሪክ ፎቶግራፎች ላይ የተጣለ ቀለም የሚመለስበት መንገድ የለም።